አንዲት ጭረት የሌለባት ሞተር

መጀመሪያ ሰዓትና ቀለበት ይወልቃል፣ ከዚያ የቀበቶው መቆለፊያ ወደ ጎን ይዞራል፣ ምክንያቱም ቀለም የሚጭረው ካቻቢቴ ብቻ አይደለም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ሆዱ ላይ የተሸከመው ብረትም ነው፤ ይህን ለታናሽ ወንድሙ ለማሙሽ ሳይረሳ መንገር አለበት። ለመሆኑ ማሙሽ ቀበቶ ያደርጋል? ድሮ ሱሪውን በአንድ እጁ እየሳበ ነበር የሚሮጠው፣ አሁን ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰው ነው፣ ስሙ ብቻ ነው ማሙሽ ሆኖ የቀረው። ጋደም ካለ ሦስት ሰዓት አልፎታል፣ እንቅልፍ ግን ባጠገቡም አልዞር አለ። ከሌሊት ፈረቃ የገባው ጎህ ሲቀድ ነው፣ አሁን መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለው ብርድ ልብስ የረፋዱን ብርሃን በጠርዝ በጠርዙ እያሾለከ ያስገባል፣ ከላይኛው አልጋ የክፍሉ ተጋሪ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ያንኮራፋል፣ ይህ ሰውዬ ደግሞ ሲተኛ ለነገ አይልም፣ ያለ የሌለ እንቅልፉን ባንድ ጊዜ ነው የሚጨርሰው። እሱ ግን ፊቱ ላይ የተዘረጉትን የላይኛውን አልጋ ጣውላዎች ይቆጥራል። አሥራ አንድ ናቸው። ትናንትም አሥራ አንድ ነበሩ።

ትናንት ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን ሲያስር ነው የማሙሽ ድምፅ የመጣው። ማሙሽ ጽሑፍ አይጽፍም፣ ድምፁን ቀድቶ ነው የሚልከው፣ ከጀርባው ሁልጊዜ ዶሮ ይጮኻል። «ጋሼ እንዴት ነህ፣ ሞተሯን ልሸጣት ነው፣ ሰው አግኝቻለሁ። ሰውየው ግን ፕላስቲኳ ወልቆ ውስጧን ካላየሁ አልገዛም አለ። መካኒክ ልጠራ አስቤ ነበር፣ እነሱ ደግሞ እየገነጠሉ ነው የሚያወልቁት፣ ያንተን ቀለም ማን ደፍሮ ይነካዋል? በቪዲዮ እያየህ አንተው ምራኝ። ነገ ስትነቃ ደውልልኝ።» ስትነቃ! ለመንቃት መጀመሪያ መተኛት አይቀድምም? የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ ቀረ። ፕላስቲኳ ሊወልቅ ነው። ሁለት ዓመት ተሸፍኖ የኖረውን ነገር ነገ ፀሐይ ሊያየው ነው፣ የሚገልጠው ደግሞ ማሙሽ ነው፣ ከሰው ሁሉ ማሙሽ። ከዚያ ተነስቶ ሥራ ሄደ፣ ሰው ምን ቢሆን ሥራ ይሄዳል።

አገር ቤት «እጀ ሐር» ነበር የሚሉት፣ እዚህ ቁጥር አርባ ሦስት ነው። ዕቃ የሚያመላልሱት ሞተሮች ማታ ማታ ተሰልፈው ወደ ጋራዡ ይገባሉ፣ አርባ ሦስትና ጓደኞቹ ልብሳቸውን ያወልቁላቸዋል፣ ልብስ ማለት ሁለቱ የጎን ፕላስቲኮችና የፊቱ ነው፣ የወለቀው መንጠቆ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ ተቆጣጣሪው ባትሪውን አብርቶ ይመጣል፣ እንደ ዓይን ሐኪም አፍንጫውን አስጠግቶ ያያል። ጭረት ካገኘ ቀይ ነጥብ ይለጥፋል። ሦስት ቀይ ነጥብ የተለጠፈበት ሰው ወደ መስታወቱ ክፍል ይጠራል፣ ከመስታወቱ ክፍል የወጣ ሰው ደግሞ ጓንቱን ነው የሚመልሰው። አርባ ሦስት አንድ ቀይ ነጥብ የለበትም። ተቆጣጣሪው ለአዲስ ገቢዎች ሲያስተምር የአርባ ሦስትን እጅ ነው የሚያሳየው፣ እዩ፣ አይቸኩልም፣ ጠርዙን በፕላስተር ይሸፍናል፣ በጥፍሩ አይነካም። በየወሩ መጨረሻም አንድ ወረቀት ይታደላል፣ ጥያቄው ረጅም ነው፣ የመጨረሻው ግን አጭር ነው፣ በሥራህ ላይ ፈጽመህ ያልተናገርከው ስህተት አለ? አዎ፣ የለም። የለም የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። በፊት በፊት እስክሪብቶውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያነሳና ያስቀምጥ ነበር፣ አሁን ሳያነበው ነው የሚሞላው፣ ሰው ሁሉን ነገር ይለምዳል፣ መልመዱ ነው የሚያስፈራው።

ሞተሯ የእሱ ነበረች። ቀዩን ቀለም በእጁ ነው የቀባት፣ ሦስት ጊዜ ደራርቦ፣ በየመሃሉ እያሸ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ፀጉሩን እስኪያበጥርባት ድረስ። ባሕር ማዶ ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ለማሙሽ ጤነኛ አድርጌ ላስረክባት ብሎ የነዳጅ መስጫውን ካቦ ቀየረ። ካቦው ከመሪው ቀኝ እጀታ ተነስቶ ወደ ሞተሩ የሚወርድ ገመድ ነው፣ እጀታው ሲጠመዘዝ ይሳባል፣ ሲሳብ ነዳጅ ይሰጣል፣ ይኸው ነው። አዲሱ ካቦ ግን ልባሱ ወፈር ይል ነበርና በትክክለኛ መንገዱ፣ በቀኝ በኩል ሲያልፍ የጎኑን ፕላስቲክ ከውስጥ ገፋው። ብዙ አይደለም፣ የጥፍር ውፍረት ያህል። የጥፍር ውፍረት! ሌላ ሰው አያየውም፣ እጀ ሐር ግን ያያል፣ ጠርዙ ሲፋተግ ሦስት ወር ሳይሞላ ቀለሙ እንደሚነሳ ያያል። ስለዚህ ካቦውን ከመንገዱ አወጣው፣ በመሪው አንገት ፊት አሳልፎ በግራ አዞረው፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሻንሲው ጋር ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ፕላስቲኩ እንደ ዓይን ቆብ ገጥሞ ቁጭ አለ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ማዞር። ለስንቱ ተናግሮታል፣ መሪ ሳታዞር ሞተር አታስረክብ እያለ ስንቱን ተቆጥቷል። ያን ቀን ራሱ አላዞረም። ጊዜ አጥቼ ነው እንዳይል፣ የቀረችውን ግማሽ ሰዓት የጣቱ አሻራ እንዳይቀርባት በጨርቅ ሲወለውላት ነው የጨረሳት።

እና አምስት ሳምንት ቆይቶ ማሙሽ አባቱን አፈናጥጦ ከጤና ጣቢያ ይመለሳል፣ አባዬ የዓይኑን ጠብታ በደረት ኪሱ ይዟል፣ ቀስ እያሉ ነው የሚመጡት፣ ማሙሽ ፈሪ ነጂ ነው፣ ዶሮ ካየ ይቆማል። የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ መሪው ካስረከባት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ይዞራል፣ የታሰረው ካቦ ይወጠራል፣ ሞተሯ ማንም ሳያዛት ትዘላለች። የፊት ጎማዋ የበሩን ደፍ መታ፣ አባዬ ወደ ኋላ ተፈናጥሮ በማጅራቱ ወደቀ። ማሙሽ መሪውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ ነበርና ሞተሯ አልወደቀችም። አንዲት ጭረት አላገኛትም። ማሙሽ ይህንን ሁሉ በስልክ እያለቀሰ ነው የነገረው፣ እጄ ነው ጋሼ፣ ወደ ግራ ስታጠፍ እጄ ሳላውቀው ነዳጅ ሰጠች፣ ይሄን እጄን ይቁረጠው። ወደ ግራ ስታጠፍ። እሱ እዚህ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ቆሞ ነበር፣ የሰው ልብስ በማሽኑ መስኮት ይሽከረከራል፣ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ፍንትው ብሎ ታየው፣ ማሰሪያዋ ሳትቀር፣ ትርፍ ጫፏን በምላጭ የቆረጠበት ሳይቀር። እና ምን አለ? አይዞህ አለ። ፈጣሪ ያመጣው ነው፣ ምን ታደርገዋለህ አለ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አይዞህ አለው!

እማዬ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሙሽን አናግራው አታውቅም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ታጥብለታለች፣ ቃል ግን የለም። ሞተሯን አዳንክ፣ አባትህን ጣልክ አለችው በቀብሩ ማግስት፣ ያ የመጨረሻው ሆነ። ማሙሽ የሚል ስም ከአፏ ጠፋ፣ «ይሄ» ሆነ፣ የምትነግረውን ነገር ደግሞ ባሕር አሻግራ ነው የምትነግረው። ጣሪያው አፈሰሰ እንበል፣ ለእሱ ትደውላለች፣ ለዚህ ንገረው ትላለች፣ እሱ ለማሙሽ ይደውላል፣ ማሙሽ ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ እሺ ጋሼ ይላል። አንዴ ለዳቦ ጋጋሪው ሲያወራለት ዳቦ ጋጋሪው እንባው እስኪመጣ ነው የሳቀው፣ «ጨው አቀብለኝ ለማለትም በሳተላይት ነው እንዴ?» ብሎ። እሱም አብሮ ሳቀ፣ ምን ያድርግ። አንተ ብትኖር ኖሮ አባትህ ይኼኔ በሕይወት አለ ትለዋለች እማዬ፣ አንተ ጠንቃቃ ነህ፣ እጅህ የተባረከ ነው። ይህን በሰማ ቁጥር አንጀቱ ይቃጠላል፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ደስም ይለዋል፣ ሰው ነውና መመስገን ይወዳል፣ ከዚያ ስልኩ ሲዘጋ በደስታው ያፍራል። ሃምሳ ጊዜ ልንገራት ብሏል። ሃምሳ ጊዜ እንዴት ነሽ ብሎ ዘግቷል።

አሁን ግን ገዢ መጥቷል። ዝም ቢል ሞተሯ ካቦዋ እንደታሰረ ትሸጣለች፣ የማያውቀው ሰው የማያውቀውን አባት አፈናጥጦ ወደ ግራ ይታጠፋል። ስለዚህ ካቦው መፈታት አለበት፣ ይህ አያከራክርም። የሚያከራክረው አባባሉ ነው። ነገር መሃል ጣል ያደርጋታል፣ ያችን ማሰሪያ ቁረጣትና ካቦውን በቀኝ አሳልፈው፣ እንዲህ ይሻላል ይለዋል፣ አፍንጫህን ጥረግ እንደማለት አቅልሎ። ማሙሽ ምን ያውቃል? የግንበኛ ልጅ ግንበኛ ነው፣ ስለ ሞተር የሚያውቀው መንዳቱን ነበር፣ እሱንም ትቶታል። ይህን ይዞ ብርድ ልብሱን ከራሱ በላይ ተከናነበና ደወለ።

«ጋሼ! ደህና ተኛህ?»

«ደህና ነኝ፣ ተኝቻለሁ። ቀበቶ አድርገሃል?»

«ምን?»

«ቀበቶ ካለህ አውልቀው። ሰዓትህንም። ፀሐይ ላይ አቁመሃታል?»

«ከጠዋት ጀምሮ። ጎረቤት ባትሪዋንም ሞልቶልኛል፣ ብታያት ሙሽራ መስላለች።»

ማሙሽ ስልኩን ያዞረዋል፣ እና እሷው ነች፣ ግድግዳው ሥር፣ ቀይ፣ የታጠበች፣ ውሃው ገና ያልደረቀባት። ከኋላዋ የግቢው በር ይታያል። ደፉን ላለማየት ዓይኑን ወደ ሞተሯ መለሰ። ፀሐይ ጥሩ ነው ይላል፣ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይሰበራል፣ ሲሞቅ ይታዘዛል፣ ብርድ ልብስ መሬት ላይ አንጥፍ፣ የወረቀት ፕላስተሩን በጠርዙ በጠርዙ ለጥፍ፣ ካርቶን አምጣና የጎኗን ቅርጽ ሣልበት፣ ያወጣኸውን ብሎን ሁሉ ካርቶኑ ላይ በየቦታው ትሰካለህ፣ አጭሩና ረጅሙ እንዳይምታታብህ፣ ረጅሙ ያለቦታው ከገባ ቀለሙን ከውስጥ በስቶ ይወጣል። ማሙሽ ስልኩን ባልዲ ላይ አስደግፎ ይሠራል። የእጁ ቆዳ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ግን እንዴት ቀስ ይላል፣ ካቻቢቴውን በሁለት ጣቱ ነው የያዘው፣ ምላሱን አውጥቷል፣ ድሮ ፊደል ሲጽፍ እንደሚያወጣው። የሰው ልጅ እንዲህ ተጠንቅቆ እየሠራ የሰው ገዳይ ተብሎ ይኖራል። አልጋው ውስጥ አንዴ ተገላበጠ።

«ስድስት ብሎን ወጣ ጋሼ። አሁን ልሳበው?»

ሰባተኛዋ ብሎን ተደብቃለች፣ ከመብራቱ ሥር፣ ላስቲኩ ውስጥ። ካልነገረው ማሙሽ ይስበዋል፣ የፕላስቲኩ ጥርስ ይሰበራል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ማሙሽ ይደነግጥና ሥራውን ይተዋል፣ ገዢውም ይቀራል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከየት መጣ? ማሙሽ ተቆራረጠብህ እንዴ እያለ ወደ ስልኩ ጠጋ አለ፣ ፊቱ ስክሪኑን ሞላው፣ ግንባሩ ላይ የአባዬ መስመር አለ።

«እንዳትስብ፣» አለው። «ከመብራቱ ሥር ላስቲኩን ገለጥ አድርግ፣ አንዲት ትቀርሃለች። አገኘሃት? ጎሽ። አሁን ጥጉን አትያዝ፣ መዳፍህን መሃሉ ላይ አድርገህ ቀጥ አድርገህ ወደ ራስህ ሳብ። ጧ ይላል፣ አትደንግጥ። የፍሬቻውን ሽቦ ሳትነቅል እንዳትርቅ።»

ጧ አለ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ማሙሽ ፕላስቲኩን እንደ ሕፃን ታቅፎ ብርድ ልብሱ ላይ አስተኛው፣ ቀለሙን ወደ ላይ አድርጎ።

«አንዲት ጭረት የለም!» ይስቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲስቅ አላየውም። «ጋሼ፣ አንዲት ጭረት የለም፣ እንካ እይ!»

ስልኩን አንስቶ እያስጠጋ ያሳየዋል፣ ያልተጫረውን ቀለም፣ ከዚያ የተራቆተውን ጎን፣ ከዚያ የመሪውን አንገት፣ እና ያችው ናት፣ ጥቁር ማሰሪያዋ፣ ከሥሯ የተወጠረው ካቦ፣ አቧራ እንኳ በቅጡ አልነካትም፣ ትናንት ያሰራት ትመስላለች። እንዳሰበው አቅልሎ ሊለው ሞከረ። «ያችን... አየሃት? ያችን ማሰሪያ ቁረጣት። ካቦው በቀኝ ይሻለዋል።»

«እሺ፣ ቆይ መጀመሪያ ላስነሳት፣ ዘይት ታንጠባጥብ እንደሆነ ሰውየው ሳይመጣ ልይ።»

«ማሙሽ፣ መጀመሪያ ቁረጣት።»

አስነሳት። ሁለቴ እንደ ሳል አድርጓት ተነሳች፣ ነዳጅ ሳይሰጣት በሚኒሞ ረጋ ብላ ትመታለች፣ በደንብ ነው የምትሠራው፣ ማሙሽ ስልኩን በቀኝ እጁ ይዞ ከሥሯ ያሳየዋል፣ ዘይት የለም፣ ደረቅ ናት ይላል፣ ከግድግዳው ትንሽ ላርቃት ይላል፣ በግራ እጁ መሪውን ይዞ ይገፋል፣ ተዋት፣ አታዙራት ብሎ ከብርድ ልብሱ ሥር ጮኸ፣ ዳቦ ጋጋሪው ተንቀሳቀሰ፣ ማሙሽ ግን በሞተሩ ድምፅ አልሰማውም፣ መሪውን ወደ ግራ አዞረው፣ እስከ መጨረሻው። ሞተሯ ጮኸች። ማሙሽ ደንግጦ መሪውን መለሰው፣ ድምፁ ወረደ። ቆመ። እንደገና ወደ ግራ አዞረው፣ ቀስ አድርጎ፣ ጮኸች። መለሰው፣ ዝም አለች። ቀኝ እጁን አየው። ቀኝ እጁ ስልክ ይዟል።

«ጋሼ፣» አለ። «እጄ እዚህ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ማንም ነዳጅ አልሰጣትም።»

«አውቃለሁ። ያኔም አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። ካቦውን ያለመንገዱ አስሬው ነው፣ መሪውን ሳላዞር ነው ያስረከብኩህ።»

ማሙሽ ሞተሯን አጠፋት፣ ስልኩን ባልዲው ላይ መልሶ አስደገፈው። ዶሮው ይሰማል። ፊቱ በስክሪኑ ላይ ምንም አይልም፣ ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ስድብ ቢሆን ይሻል ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለ በመጨረሻ።

«ከነገርከኝ ደቂቃ ጀምሮ።»

«ለምን እንዲህ አሰርከው?»

«ቀለሙ እንዳይነሳ።»

ማሙሽ ብርድ ልብሱ ላይ የተኛውን ፕላስቲክ አየ፣ ብዙ አየው፣ እሱ በእግሩ ይረግጠዋል ብሎ ጠበቀ፣ ይርገጠው። አልረገጠውም። ቁጭ አለና ፊቱን በክርኑ ጠረገ። እማዬን ጥራት አለው እሱ፣ አሁን ጥራት፣ መጥታ መሪውን በራሷ እጅ ታዙረው፣ ሰምታ ትፍረድ፣ እኔ እነግራታለሁ፣ እንባው ትራሱን እያራሰው ነበር፣ አፉን ሞልቶ እነግራታለሁ ሲል በዚያች ደቂቃ እውነቱን ነበር።

«አልጠራትም፣» አለ ማሙሽ።

«ማሙሽ!»

«እኔ አጠገቧ ነኝ። ብትጠላኝም ምሳዬን ታቀርብልኛለች። አንተ ሩቅ ነህ። አንተን ከተቆጣች ምኑን ትይዛለች፣ ስልኩን? በወር በወር የምትስቀው አንተ ስትደውል ነው። እኔን እንደሆነ ለምዳኛለች።» ፒንሳውን አነሳ። «እኔ እንዳላደረግኩት አወቅኩ። ለእኔ ይበቃኛል።» የሚበቃው አይመስልም ነበር፣ ማሰሪያዋን ግን ቆረጣት፣ ካቦውን በቀኝ አሳለፈው፣ የሠለጠነ እጅ ያለው ሰው ይመስል በመጀመሪያው ሙከራ ቦታውን አገኘ።

«ያንን ነገር ማነው ያስነሳው?» የእማዬ ድምፅ ነው፣ ለማሙሽ ሳይሆን ለግቢው። ነጠላዋን እየሰበሰበች ከቤት ወጥታ ትመጣለች፣ እግሯ ያነክሳል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነክሰው፣ ማንም አልነገረውም። ባልዲው ላይ የተደገፈውን ስልክ አይታ ጎንበስ አለችና አነሳችው፣ ፊቷ በጣም ቀረበ፣ ግማሹ ብቻ ነው የሚታየው።

«አንተ ነህ እንዴ ልጄ? ምነው ፊትህ? አሞሃል?»

«እማዬ፣» አለ። በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ። «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«ቆይ፣ ሳልረሳው። ለዚህ ንገረው፣ መልሶ ሲገጥመው እንዳይጭረው። ያንተ እጅ ሥራ ነው። እሱ የነካው ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል?»

በትከሻዋ በኩል ማሙሽ ይታያል። ሰምቷል፣ ሦስት እርምጃ ነው የሚርቀው። ፕላስቲኩን ከብርድ ልብሱ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ይዞታል፣ ወደ ስልኩ እያየ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፣ አትንገራት።

«ምን ልትለኝ ነበር?» አለች እማዬ።

አሁን ነው። አንድ ቃል ነው። ከላይ ዳቦ ጋጋሪው ተገላበጠ፣ ጣውላዎቹ ተንቋቁ። እማዬ ትጠብቃለች፣ ከንፈሯ ፈገግ ለማለት ተዘጋጅቷል፣ እሱ ምንም ይበል ምን ፈገግ ልትል ተዘጋጅታለች።

«ምንም እማዬ፣» አለ። «እነግረዋለሁ።»

መረቀችው። ከዚያ ስልኩን ለማሙሽ አልሰጠችውም፣ በሞተሯ ወንበር ላይ በጀርባው አስቀመጠችውና ሄደች፣ ስክሪኑን ሰማይ ሞላው። የእግሯ ድምፅ ራቀ።

«እሺ ጋሼ፣» አለ የማሙሽ ድምፅ ከሰማዩ ውስጥ። «የትኛው ብሎን ይቀድማል?»

«የመሃሉ፣» አለው። «አስገባው፣ ግን ገና አታጥብቀው።»